በመዋኛ ገንዳ ዙሪያ የሰመጠ ንጣፍ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና ጥገናው

ቢሾፍቱ ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ያየሁት ገንዳ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከገንዳው ጥግ አጠገብ አራት የንጣፍ ድንጋዮች እንደ ሳህን ጎድጉደው ነበር። የግቢው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ድንጋዮቹን አንስተው፣ አሸዋ ጨምረው መልሰዋቸዋል። በአራተኛው እኔ ተጠራሁ። በጎማ መዶሻ መታ መታ ሳደርጋቸው ዙሪያው ድፍን ድምፅ ሲሰጥ መካከሉ እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። አንዱን ድንጋይ ሳነሳ ከሥሩ ያለው አሸዋ ርሷል፤ ወሩ ጥር ነው፣ ዝናብ ካቆመ ወራት አልፈዋል። እጄን ወደ ክፍተቱ ስሰድ እስከ ክርኔ ገባ። ከታች በፕላስቲክ ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሦስት ጊዜ የተጨመረው አሸዋ የት እንደገባ ያን ጊዜ ታወቀ፤ ውሃው እየጠረገ በሥሩ ወዳለው ልል አፈር ወስዶታል።

አሸዋ ጨምሮ ድንጋይ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሥሩ የነበረው ነገር ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ከተመለሰ ግን በሚቀጥለው ክረምት ያው ድንጋይ እዚያው ቦታ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ዲጂኖ ከማንሳትዎ በፊት ጥቂት ቀናት ለምርመራ ይስጡ።

መጀመሪያ መለካት

ሲባጎ ይውሰዱና ካልሰመጠ ድንጋይ ወደ ሌላ ካልሰመጠ ድንጋይ አጥብቀው ይወጥሩት። በየግማሽ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩና በራሱ በድንጋዩ ላይ በጠመኔ ይጻፉት፤ ፎቶ ያንሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ቁጥሩ ካልተለወጠ አፈሩ ወርዶ አርፏል ማለት ነው፤ ከጨመረ ግን ምክንያቱ አሁንም ሥራ ላይ ነው። የሰመጠበት ቅርጽም ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሳህን ከጎደጎደ ከሥሩ ውሃ አለ ብለው ይጠርጥሩ። ከገንዳው ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም መስመር ከሆነ ግድግዳው ከተሠራ በኋላ የተሞላው አፈር ነው። ክረምት ከፍ፣ በጋ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ዋልካ ነው።

እንደ ሳህን የጎደጎደ፣ ሲመቱት ባዶ የሚጮህ

እዚህ ላይ ገንዳው ውሃ ያፈስ እንደሆነ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ባልዲ ብቻ ነው። ባልዲውን በገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ። በውስጡ ያለው ውሃ ከገንዳው ውሃ ጋር እኩል ከፍታ እስኪይዝ ይሙሉት፤ ቀላል ባልዲ እንዳይንሳፈፍ ንጹሕ ድንጋይ ከውስጡ ይጨምሩ። የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ መስመር ምልክት ያድርጉና 24 ሰዓት ማንም ሳይዋኝ ይተዉት። ዝናብ ከዘነበ ሙከራው ዋጋ የለውም። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ውሃውን የወሰደችው ፀሐይ ናት። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከወረደ ልዩነቱ የፈሰሰው ውሃ ነው። 8 በ4 ሜትር በሆነ ገንዳ እያንዳንዱ ሚሊሜትር 32 ሊትር ነው፤ የ5 ሚሊሜትር ልዩነት ማለት በቀን 160 ሊትር ውሃ ከድንጋዮችዎ ሥር እየሄደ ነው ማለት ነው።

ሙከራውን አንድ ቀን ፓምፑ እየሠራ፣ አንድ ቀን ቆሞ ያድርጉት። ሲሠራ የበለጠ ከወረደ ውሃ በግፊት ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ቧንቧ ይጠርጥሩ። ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ አረፋ እየያዘ ከመጣ ውሃ የሚስበው መስመር የሆነ ቦታ አየር እየገባው ነው። በሁለቱም እኩል ከወረደ ደግሞ ችግሩ በገንዳው ገላ፣ በመብራቱ ዙሪያ ወይም ቅጠል በሚሰበስበው ሳጥን፣ ባለሙያዎች ስኪመር በሚሉት፣ ላይ ነው። ፓምፑን አጥፍተው፣ ውሃው ከረጋ በኋላ፣ ከሚጠረጥሩት ስንጥቅ አጠገብ የምግብ ቀለም በመርፌ ቀስ አድርገው ይልቀቁ። ቀለሙ እንደ ክር ወደ ስንጥቁ ከተሳበ ቦታውን አግኝተዋል። ውሃው ወርዶ ወርዶ አንድ ከፍታ ላይ ከቆመም ቀዳዳውን በዚያው ከፍታ ላይ ይፈልጉት።

ቧንቧ ፍለጋ ከመቆፈርዎ በፊት የፓምፑንና የገንዳውን መብራት ኤሌክትሪክ ከማከፋፈያው ላይ ያጥፉ፤ ማንም መልሶ እንዳያበራውም ለቤተሰቡ ይንገሩ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከዚያው ንጣፍ ሥር ነው ያለው፤ እርጥብ አፈርና የተላጠ ሽቦ ሲገናኙ ሰው ይገድላሉ። ቁፋሮው በአካፋና በእጅ ይሁን። የተበላሸውን መጋጠሚያ በሙጫ ላይ ሙጫ ደርቦ ከመለጠፍ ቆርጦ በአዲስ መተካት ይሻላል። ከዚያ ጉድጓዱ ክፍት እንዳለ መልሰው አብርተው፣ ፓምፑን አንድ ቀን ሙሉ ያስነሡና ያዩት። ደረቅ ሆኖ ካደረ በቧንቧው ዙሪያ ድንጋይ የሌለበት አሸዋ ያልብሱና ይሙሉት።

ከገንዳው ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን የሰመጠ መስመር

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ገንዳ ሲሠራ ጉድጓዱ ከገንዳው ሰፋ ብሎ ይቆፈራል፤ ግንበኛው ከግድግዳው ጀርባ መቆሚያ ያስፈልገዋልና። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ያ ክፍተት የሚሞላው በቁፋሮ በወጣው አፈር ነው፤ አንዳንዴም ከሲሚንቶ ከረጢትና ከሰባራ ብሎኬት ጋር ተደባልቆ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። በመካከሉ የጠቀጠቀው የለም። ከላይ ንጣፍ ሲደረግበት ያምራል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ግን የዝናቡ ውሃ አፈሩን ያረጋውና መስመሩ በሙሉ ይወርዳል። የመስመሩ ስፋት የቀድሞውን ቁፋሮ ስፋት ስለሚከተል ለይቶ ማወቁ ቀላል ነው።

ጥገናው ላብ ይጠይቃል። ድንጋዮቹን አንሥተው ልል የሆነውን አፈር ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ያውጡት። በምትኩ ገረጋንቲ፣ ጠጠር የተቀላቀለበትን የመሙያ አፈር፣ ይሙሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ፣ እየጠቀጠቁ። እርጥበቱን በእጅዎ ይፈትኑት፤ አንድ ጭብጥ ገረጋንቲ ሲጨምቁት ሳይፈርስ ከረጋና ውሃ ካልወጣው ልክ ነው። በደንብ መጠቅጠቁን ለማየት በተረከዝዎ አጥብቀው ይርገጡት፤ አሻራ ካልቀረበት ቀጣዩን ይጨምሩ። ከግድግዳው አጠገብ ከባድ ሮለር አይግባ፤ የእጅ መጠቅጠቂያ ወይም ትንሽ ማሽን ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህን ሥራ ሲሠሩ ገንዳውን ባዶ አያድርጉት። ውስጡ ያለው ውሃ ግድግዳውን ከአፈሩ ግፊት ጋር ያመጣጥነዋል። በተለይ በክረምት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ጊዜ፣ ባዶ ገንዳ ሊሰነጠቅ፣ ከነወለሉም ወደ ላይ ሊነሣ ይችላል። የጥቂት ድንጋይ ጥገና ገንዳውን ያህል ነገር ማስከፈል የለበትም።

ክረምት የሚነሣ፣ በጋ የሚሰምጥ

በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ በኩል ባሉ ብዙ ሰፈሮች፣ በቢሾፍቱም ሜዳማ ቦታዎች፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አሜሪካ ዳላስ አካባቢ ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ይህን ጠባይ ያውቁታል፤ የዚያም ምድር ተመሳሳይ ጥቁር አፈር ነውና። በየካቲትና በመጋቢት የአትክልት ቦታውን ይዩት። አፈሩ ተሰንጥቆ፣ ንጣፉም በስንጥቁ መስመር ላይ ከወረደ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። በአጥሩ ዳር ባሕር ዛፍ ካለ ነገሩ ይብሳል፤ ሥሩ እርጥበቱን ስለሚመጥጠው መሬቱ በአንድ ወገን በበለጠ ይደርቃል።

ዋልካን በአሸዋ ማሸነፍ አይቻልም። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ በሁለቱ መካከልም ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚስቱት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። በዋልካ መካከል የተቆፈረና በገረጋንቲ የተሞላ ጉድጓድ ውሃ ገብቶ የማይወጣበት ገንዳ ይሆናል። ከታች ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ዘርግተው ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ካላስወጡት፣ የሞሉት ሁሉ ዋልካውን ዓመቱን በሙሉ ውሃ ሲያጠጣው ይኖራል። የጣሪያው አሸንዳ የሚወርድበትንም አብረው ይመልከቱ። ከአሸንዳ የወረደ ውሃ በንጣፉ ላይ ሲፈስ ካዩ ጥገናው ከዚያ ይጀምር፤ ውሃውን በቧንቧ ከግቢው ያስወጡት።

በጠርዙ ድንጋይ አጠገብ ብቻ የወረደ

የገንዳው ጠርዝ ድንጋይ ከገንዳው ግድግዳ ጋር ታስሯል፤ ንጣፉ ደግሞ በአፈር ላይ ተኝቷል። ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማሸጊያ መሞላት አለበት። ብዙ ቦታ የማየው ግን በሲሚንቶ የተደፈነ ነው። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ዋናተኛ ወጥቶ በገባ ቁጥር የሚረጨው ውሃ በስንጥቁ ወርዶ አሸዋውን ያጥበዋል። ሲሚንቶውን ፈልፍለው ያውጡ፣ ክፍተቱን ያጽዱና ያድርቁ፣ የስፖንጅ ገመድ ከታች ያስገቡ፣ በላዩ ለውጭ አየርና ለውሃ የሚሆን ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሙሉበት።

በተቃራኒው ወገን፣ በሣሩ በኩል፣ ድንጋዮቹ ወደ ውጭ ተንሸራተው መጋጠሚያቸው ከሰፋ ጠርዝ የሚይዛቸው የለም ማለት ነው። ከርብ ስቶን በኮንክሪት አስደግፈው ያቁሙ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ድንጋዩን መመለስ

የመጀመሪያውን ድንጋይ ማውጣት ከሁሉም ይከብዳል። መጋጠሚያውን በቢላ ይፋቁ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች በሁለት ጎን አስገብተው ቀስ በቀስ እያፈራረቁ ይንቀሉት። እያንዳንዱን በጠመኔ ቁጥር ሰጥተው በተነሣበት ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ካልሰመጠው ክፍልም አንድ ረድፍ ተጨማሪ ያንሱ፤ አዲሱ ሥራ ከአሮጌው የሚገናኘው በጠንካራ መሬት ላይ ይሁን።

ከድንጋዩ ሥር የሚነጠፈው ሻካራ የወንዝ አሸዋ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የጎደለውን ከፍታ በአሸዋ መሙላት ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ ጉድጓዱ ጠልቆ ከሆነ ገረጋንቲው ከፍ ይበል እንጂ አሸዋው አይወፍር። ሁለት እኩል ቧንቧዎች አጋድመው በቀጥ ያለ ጣውላ አሸዋውን ያስተካክሉ፣ ቧንቧዎቹን አውጥተው ቦይዎቻቸውን ይሙሉ፤ ከዚያ በኋላ አይርገጡት። ድንጋዮቹን ከጎረቤቶቻቸው ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ በጣውላ ላይ በመዶሻ ሲመቱ ይወርዳሉ። በውሃ ልክ ሲለኩ ንጣፉ ከገንዳው ወደ ውጭ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ያዘንብል፤ ወደ ገንዳው ካዘነበለ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ከውሃው ይገባል።

መጋጠሚያውን በደረቅ ጥሩ አሸዋ ጠርገው ይሙሉት። ከሳምንት በኋላ አሸዋው ወርዶ ያገኙታል፤ እንደገና ይጨምሩ። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ያንኑ ሲባጎ በዚያው ቦታ ይወጥሩና ከፎቶው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። በሁለት ሦስት ሚሊሜትር መውረዱ የአዲስ ሥራ ወግ ነው። ከዚያ ከበለጠ ባልዲውን መልሰው ወደ ገንዳው ያውርዱት።