የቆየ የወገብ ሕመምን በትንፋሽና በጥሞና ማስታገስ

ሕመም የበረታበትን ሰው «ቻለው» ማለት የተለመደ ነው፤ ብዙዎቻችንም መቻል የምንለው ጥርስን ነክሶ፣ ትንፋሽን ይዞና ትከሻን ሰቅሎ ማሳለፍን ነው። ከ3 ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ግን ይህ ዓይነቱ መቻል ይጎዳል፤ ሕመሙን ፈርተው የሚገታተሩት ጡንቻዎች ራሳቸው ማመም ስለሚጀምሩ በሕመም ላይ ሕመም ይደረባል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለዚህ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ እንዲሞከሩ ካቀረባቸው አማራጮች መካከል ጥሞና (የሚሰማንን ሳይፈርዱ በትኩረት ማስተዋል) እና ጡንቻን በየተራ ማፍታታት ይገኙበታል።

በመጀመሪያ ሐኪም መታየት ግድ ነው። በተለይ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎት፣ እግርዎ ከዛለ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ለልምምዱ በጀርባዎ ተንጋለው ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። አንድ እጅዎን በደረትዎ፣ ሌላውን በሆድዎ ላይ አሳርፈው፣ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር በአፍንጫዎ ይሳቡ፤ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ከፍና ዝቅ ማለት ያለበት በሆድዎ ላይ ያለው እጅ ነው፤ ካዞረዎት ወደ ተለመደው አተነፋፈስ ይመለሱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ የእግር ጣቶችዎን ለ5 ሰከንድ ያህል አጥፈው ያጥብቁና ይልቀቁ፤ ሲለቁ የሚሰማዎትን መላላት ሳይቸኩሉ ያስተውሉ። በዚሁ መንገድ ወደ ባት፣ ጭን፣ መዳፍ፣ ትከሻና ፊት ይውጡ። የሚያምዎትን ቦታ ግን ሳያጠብቁ ይለፉት።

ጥሞናው ከሁሉም ይከብዳል፤ ስንሸሸው ወደኖርነው ሕመም መዞርን ይጠይቃልና። ሕመሙ ከየት ተነሥቶ የት ያበቃል? ያቃጥላል፣ ይወጋል ወይስ ይጎትታል? ሲተነፍሱስ ይለዋወጣል? «ነገ እንዴት ሥራ ልገባ ነው?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ፣ ሐሳብ መሆኑን ብቻ ልብ ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ሐሳብዎ መቶ ጊዜ ቢሄድ አልተሳሳቱም፤ ልምምዱ መመለሱ ነው። ሕመሙ ከበረታ ትኩረትዎን ወለሉን ወደ ነካው ተረከዝዎ ያዛውሩ።

አሜሪካዊው የጥሞና መምህር ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የጥሞና ሥልጠና 8 ሳምንት የሚፈጅ ነው፤ ስለዚህ ከ3 ቀን ሙከራ ብዙ አይጠብቁ። ሕመሙ ቀለል ባለበት ቀንም ጭምር በየዕለቱ 15 ደቂቃ ይለማመዱ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ሲጨርሱ በድንገት አይነሡ፤ ወደ ጎን ዞረው፣ በክንድዎ ተደግፈው፣ ትንፋሽዎን እያስወጡ ቀስ ብለው ይቀመጡ።