ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ ቤት ውስጥ ስትጠምቁ እርሾ ላይ የምትሠሯቸው ስህተቶች (በተለይ አዳማ ላይ)

ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ ያው ነው፣ "ጋሼ፣ ዩኤስ-05 አጣሁ፣ በምን ልተካው?" (ዩኤስ-05 ፔል ኤል የሚጠመቅበት ደረቅ የቢራ እርሾ ነው።) እኔ ደግሞ "ባልዲውን የምታስቀምጥበት ክፍል ስንት ዲግሪ ነው?" ስል ዝም። ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው፣ እርሾን በስሙ መምረጥ።

ያላችሁት አዳማ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀን ቀን 30 ዲግሪ የምትነካ ከተማ፣ ቆርቆሮ ሥር ያለች ሰርቪስ ቤት ውስጥማ ከዛም ይብሳል። ዩኤስ-05 ንጹህ ጣዕም እንዲሰጣችሁ ከፈለጋችሁ ከ18 እስከ 22 አካባቢ ያዙት። ደግሞ እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ክፍሉ 26 ከሆነ ባልዲው ውስጥ 29 ወይ 30 ሊገባ ይችላል፣ ጣዕሙ በአብዛኛው የሚወሰነው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ከዛ ተቀምሶ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲሸት "እርሾው ብልሽት ነበረበት" ይባላል። እርሾው ምን በወጣው! ቅዝቃዜ ከልክላችሁት ነው እንጂ።

ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ከሌላችሁ ባልዲውን ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁሙት፣ ውሃ ጨምሩበት፣ አሮጌ ፎጣ አልብሱት፣ የፎጣው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነከር፣ ፋን ካለ ይነፈስበት። በበጋ የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ ይሄ ነገር በደንብ ይሠራል። ጠዋትና ማታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ሳፋው ውስጥ ጣል አድርጉ፣ ቴርሞሜትሩ ግን ባልዲው ላይ ይለጠፍ፣ ግድግዳው ላይ አይደለም።

ወይም ከሙቀቱ ጋር አትታገሉ። የኖርዌይ ገበሬዎች ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት ክቫይክ የሚባል እርሾ አለ፣ ቮስ የሚለውን ካገኛችሁ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ነው ደስ የሚለው፣ ሳምንት ሳይሞላው ይጨርሳል። ትንሽ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ እሱም ከሆፕሱ (ቢራውን ከሚያመርረውና ሽታ ከሚሰጠው አበባ) ጋር ይሄዳል። ለአዳማ ሰው ከዩኤስ-05 በፊት ይሄንን ነው የምመክረው፣ ግን ስሙን ስላልለመዱት ማንም አይሰማኝም።

"ሙቀት የሚወድ ከሆነ ሴዞንም ይሆናላ" ብሎ የሞከረ አንድ የሰፈር ልጅ ነበር። ሴዞን የሚባለው የቤልጅየም ቢራ እርሾ ሙቀት ይወዳል፣ ልክ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሌላው እርሾ የማይነካውን ስኳር ሳይቀር ቀስ እያሉ ይበላሉ፣ ቢራው በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ጣፋጭነቱ አልቆ ደረቅ ይሆናል፣ ፔል ኤልነቱ ይጠፋል። ልጁ ደግሞ አረፋው ወረደ ብሎ በሳምንቱ በጠርሙስ ሞላውና አልጋ ሥር አስገባው። ሌሊት አንዱ ፈንድቶ ሌላውን አስከተለ፣ እናቱ የመኪና ጎማ መስሏቸው በር ከፍተው ወጡ። ሃይድሮሜትሩ (ቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የምታዩበት መለኪያ) ሦስት ቀን ተከታትሎ አንድ ቁጥር ካላሳየ ጠርሙስ አይነካም፣ አለቀ።

የዳቦ እርሾ። ኧረ በእናታችሁ። ሱቅ ያለው ሳፍ ኢንስታንትና የቢራው ሳፍኤል ስማቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም የፈረንሳዩ ለሳፍር ቤት ምርቶች ናቸው፣ ሳይንሳዊ ስማቸውም አንድ ነው፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ስለዚህ "ያው አይደል እንዴ" የሚል አይጠፋም። አይደለም። የዳቦው የተመረጠው ሊጥ ቶሎ እንዲነፋ ነው። አልኮል ይሠራል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፣ ቶሎ አይረጋም፣ ቢራችሁ ለሳምንታት ደፍርሶ ይቆያል። ያን ሁሉ ሆፕስ በሰው ሻንጣ አስመጥታችሁ ለ11 ግራም እርሾ ስስት ምንድነው?

የጠላ ጥንስስም አይሆንም፣ ጠላ ሲያምራችሁ ጠላ ጥመቁ። የላገር እርሾ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች ካልሆነ አይመቸውም፣ እዚህ ተዉት።

አሁን ትክክለኛው መተካት። ለዩኤስ-05 ቅርቡ ቢአርዋይ-97 ነው፣ እሱም አሜሪካዊ፣ ንጹህ፣ ብቻ ሲነሳ ዘገምተኛ ስለሆነ በማግስቱ ዝም ቢል ክዳን እየከፈታችሁ አታስጨንቁት። ኖቲንግሃምም ጥሩ ነው፣ ቀዝቀዝ ካለ። ዋይስት 1056 እና ደብሊውኤልፒ001 ከዩኤስ-05 ጋር አንድ ዘር ተብለው ነው የሚቆጠሩት፣ የአሜሪካው ቢራ ጠማቂ ሴራ ኔቫዳ ካሊፎርኒያ ቺኮ ላይ በ1980 ፔል ኤል ከጀመረበት እርሾ ጋር የሚያያዙት፣ ግን ፈሳሽ ናቸው፣ ያለ በረዶ አዳማ እስኪደርሱ ብዙው ይሞታል። ኤስ-04 እንግሊዛዊ ነው፣ ሙቀት ላይ ፍራፍሬ ይበዛበታል፣ ጥሩነቱ ታች ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። በሃይድሮሜትር 1.050 ላይ የጀመረ ቢራ በዩኤስ-05 ወደ 1.010 ከወረደ በኤስ-04 1.012 ወይ 1.013 ላይ ሊቆም ይችላል፣ "ቆመብኝ" ብላችሁ ስኳር አትጨምሩበት።

ፓኬቱን ለሁለት መክፈል አይሆንም፦ 11.5 ግራሙ ለ20 ሊትር አንድ ሙሉ ነው፣ በቃ። ቀኑን እዩ፣ የመጣበትን መንገድም ጠይቁ፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የከረመ ፓኬት ቀኑ ባያልፍም አትመኑት።

አተላውን ደግማችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የፈላ ውሃ ባለፈበት ጠርሙስ ገልብጡት፣ ክዳኑን አታጥብቁት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ከጥቁር ቢራ የተረፈውን ወደ ፔል ኤል አታዙሩት፣ ኮምጠጥ ካለ ደግሞ ሳታዝኑ ድፉት።