ሬዚስተር በሲሪየስና በፓራለል ስናገናኝ ስንት ኦም ይሆናል?

የምትፈልጉት ሬዚስተር (ከረንት የሚገድበው እቃ፣ መጠኑ በኦም ይለካል) ከሌለ እጃችሁ ላይ ያለውን አገናኝታችሁ መስራት ትችላላችሁ። ሲሪየስ ቀላል ነው፣ የአንዱን ጫፍ ከሌላኛው ጫፍ ቀጥላችሁ ዝም ብሎ መደመር፤ 330 ኦም ፈልጋችሁ 100 እና 220 ብቻ ካላችሁ 320 ይመጣል፣ ለኤልኢዲ (ለትንሿ መብራት) ምንም አይልም።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ፓራለሉ ላይ ነው። እዚህ ሁለቱም ጫፎች ነው የሚገናኙት፣ ከረንቱ ተጨማሪ መንገድ ስለሚያገኝ ጠቅላላው ሁሌም ከትንሹ ሬዚስተር ያንሳል፣ መልሳችሁ ከትንሹ ከበለጠ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ሁለት ከሆኑ አባዙና ለድምራቸው አካፍሉ፦ 100 በ220 ሲባዛ 22000፣ ለ320 ሲካፈል 68.75 ኦም። ሶስተኛ ካለ ውጤቱን ይዛችሁ ከሱ ጋር ያንኑ መድገም ነው። እኩል ከሆኑማ ለብዛታቸው ማካፈል ብቻ፣ ሶስት ባለ 300 ኦም 100 ይሆናሉ።

ከተቀላቀለ፣ ማለትም በፓራለል የተገናኙት ከሌላ ሬዚስተር ጋር በሲሪየስ ከተቀጠሉ፣ መጀመሪያ ፓራለሉን ጨርሱ፦ ሁለት ባለ 2 ኪሎ ኦም (2000 ኦም) በፓራለል 1 ኪሎ ይሆናሉ፣ ከነሱ ጋር በሲሪየስ ያለው 1 ኪሎ ሲደመር 2 ኪሎ። በመልቲሜትር ስታረጋግጡ ደግሞ ፓወሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ አንዱን እግር ከሰርኪዩቱ ንቀሉት፣ ካልሆነ ጎን ያሉትንም አብሮ ይለካቸዋል።