ዓይን መዝለል ሲለምድ፦ ረጅም ጽሑፍ ወደ ማንበብ እንዴት እንመለስ?

«ማንበብ ትቻለሁ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ ግን አላምንም። ከጠዋት እስከ ማታ ስታነቡ ነው የምትውሉት። የቴሌግራም ቻናል አለ፣ የፌስቡክ ፖስት አለ፣ ከቲክቶክ ቪዲዮ ሥር የተደረደረ ኮሜንት አለ። የተዋችሁት አንድን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተልን ነው። ዓይናችሁ መዝለል ለምዷል። ይህን ልማድ ደግሞ በቁጭት ብቻ ማስተው አይቻልም፤ ሌላ ልማድ መትከል ያስፈልጋል።

እኔ የምተዳደረው በአራሚነት ነው። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ረቂቁን መስመር በመስመር አያለሁ። ዓይኔ ከዘለለ ስህተቱ ታትሞ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ከታች የምነግራችሁም የምሠራበትን መንገድ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ። ጃኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በፈረንጆቹ 2006 የሰው ዓይን ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚሄድ ተከታትሎ ነበር። ሰዎች ከላይ አንድ ሁለት መስመር ወደ ጎን ያዩና፣ ከዚያ በኋላ የግራውን ጠርዝ ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። የየመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እየለቀሙ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሲነበብ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ግሡ ቶሎ ይመጣል። አማርኛ ግን ነገሩን የሚቋጨው መጨረሻ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ራሴ የጻፍኳትን ይህችን ዓረፍተ ነገር እዩ፦

«ከመጪው ወር ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወራው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው።»

የሚዘል ዓይን «የነዳጅ ዋጋ በእጥፍ ይጨምራል» የሚለውን ይዞ ይሮጣል። «ከእውነት የራቀ» የሚለው ጋ ሳይደርስ ጽሑፉ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ተለጥፏል። አክስታችሁ ደንግጣለች። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ግን ጨርሶ አላነበበም።

ፈተናው እንግዲህ ይህ ነው። ግማሽ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ አንብቡ። ዝጉት። አጠገባችሁ ላለ ሰው ምን እንደሚል ንገሩት። «ስለ ነዳጅ ነው» ብላችሁ ከቆማችሁ አይታችሁታል እንጂ አላነበባችሁትም።

ቀጥሎ ስልኩ። ሳይለንት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ መድፋት አይበቃም። በፈረንጆቹ 2017 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ጥናቱን የደገሙ ሌሎች ሁልጊዜ ያንኑ አላገኙም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። እኔ ግን ስልኬን ወጥ ቤት ነው የማስቀምጠው። ተነስቶ ለመሄድ ያለብኝ ስንፍና ይጠቅመኛል።

«እናቴ ብትደውልስ?» ትሉ ይሆናል። ዳታውን አጥፉ፤ የጥሪውን ድምፅ ግን እስከ ጥግ ከፍ አድርጉት። ለመደበኛ ጥሪ ዳታ አያስፈልግም። ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች እህት በኢሞ የምትደውል ከሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ስልኬ ነው የሚቀሰቅሰኝ» ለሚል ደግሞ መርካቶ የማንቂያ ሰዓት ሞልቷል። ያልተገደበ ወርሃዊ ፓኬጅ የገዛ ሰው ዳታ ማጥፋት የሚባል ነገር ይረሳል። ለአንድ ሰሞን ወደ ዕለታዊው ፓኬጅ መመለስ አይከፋም።

ስልኩ ከራቀ በኋላ ሌላ ጉድ ይመጣል፤ ራሳችሁ። ግሎሪያ ማርክ የተባለች የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሰው አንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ለዓመታት ለክታለች። በፈረንጆቹ 2004 በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግኝቷ ነው። ሰው ራሱን በራሱ የሚያቋርጠው ሌሎች ከሚያቋርጡት በማይተናነስ መጠን ነው። ማንም ሳይጠራችሁ «ዶላር ዛሬ ስንት ገባ?»፣ «ያ ተዋናይ ስሙ ማን ነበር?»፣ «መልሳልኝ ይሆን?» ይመጣል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቁራጭ ወረቀት ነው። ጥያቄው ሲመጣ ጻፉትና ወደ ገጹ ተመለሱ። አትታገሉት፤ ጻፉት ብቻ። ንባቡን ስትጨርሱ ወረቀቱን አንሱ። አብዛኛው መልስ እንኳ የማያስፈልገው ሆኖ ታገኙታላችሁ። የዶላሩ ግን ያስፈልግ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፦ ጮክ ብሎ ማንበብ። ሁለት ሆነን ስናርም አንዳችን ዋናውን ረቂቅ በድምፅ እናነባለን፤ ሌላችን ለኅትመት የተተየበውን በእርሳስ እየተከተልን እናመሳክራለን። ሥርዓተ ነጥቡም ይነበባል። «መጣ ነጠላ ሰረዝ ተቀመጠ ነጠላ ሰረዝ ግን አልተናገረም አራት ነጥብ።» ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ይስቃል። ግን በዚህ አነባበብ «አል» የሚሉትን ሁለት ፊደሎች መዝለል አይታሰብም። አፍ ያላለውን ዓይን ማለፍ አይችልም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ንባብ ቤት የገባ የቄስ ተማሪ ያንኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ግእዝ በሚባለው አነባበብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይለዋል። የመጀመሪያው ፊደል በፊደል፣ ዝግ ብሎ ነው። የመጨረሻው ሳይደናቀፍ ይፈሳል። ፍጥነት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኛ ግን ከፍጥነቱ ጀመርን።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛውን ከንፈራችሁን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ። ከሦስተኛው ጀምሮ ድምፅም ከንፈርም ይቅር። ዓይናችሁ መሮጥ ሲጀምር ይታወቃችኋል፤ አንድ አንቀጽ አልፎ ምን እንዳለ አታስታውሱም። ያኔ ወደዚያው አንቀጽ ተመለሱና እንደገና በድምፅ አንብቡት። ቤት ያለው ሰው «ለብቻው ማውራት ጀመረ» ቢል ይበል።

«ወረቀት ይሻላል ወይስ ስክሪን?» ለሚለው፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ አንድ ጥናት 54 ጥናቶችንና ከ170 ሺህ በላይ ሰዎችን አጠቃልሎ አይቷል። ዕውቀት የሚሰጥ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ሲነበብ በተሻለ ይገባል፤ ሰዓት ሲያጣድፍ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ልብ ወለድ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ለፈተና የምታነቡትን ሞጁል ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙት። ልብ ወለዱን ስልክ ላይ ብታነቡት ችግር የለውም፣ ዳታው ከጠፋ። በነገራችን ላይ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ፣ ያ ተንጋዶ የተነሳው፣ ጥግ ላይ የሰው አውራ ጣት የሚታይበት፣ ደራሲው አምስት ሳንቲም አያገኝበትም። በሕይወት ያለ ደራሲ ከሆነ መጽሐፉን ግዙለት።

ከወፍራም መጽሐፍ አትጀምሩ። አጭር ልብ ወለድ፣ ወግ፣ የጋዜጣ ዓምድ ይሻላል። ዋናው ነገር መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ የስልኩ ገጽ መጨረሻ የለውም። ረጅም መጽሐፍ ስትይዙ ደግሞ ምዕራፉ ሲያልቅ ሳይሆን ነገሩ ሲጥም አቁሙ። በማግስቱ መጽሐፉ ራሱ ይጠራችኋል። ሰዓቱን በተመለከተ እኔ ጠዋት፣ ዳታ ሳይከፈት በፊት የሚለውን እመርጣለሁ። አንዴ ከተከፈተ የቀኑ ወሬ ሁሉ ይከተላል።

የራዲዮ ትረካስ? ደስ ይላል፣ እኔም እሰማለሁ። ዓይንን ግን አያሠለጥንም።

አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ሳታዩ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። ጉግልን ወይም ቻትጂፒቲን «ፍሬ ሐሳቡ ምንድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁ ግምት ወረቀት ላይ ይስፈር። ቢሳሳትም ግድ የለም። ከዚያ አመሳክሩ።

ቤት ውስጥ ቲቪውም ልጁም ጎረቤቱም አላስነብብ ካሏችሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለላችሁ፤ አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ጠዋት ሂዱ። ስልኩን ቤት ትቶ መውጣት ከከበዳችሁ ቢያንስ ቻርጀሩን ትታችሁ ሂዱ።