ግቢ ውስጥ ምክርና ሞራል ከየት ይገኛል?

ፍሬሽ ሆናችሁ ግቢ ስትገቡ ሁሉም ሰው መካሪ ነው፣ ዶርም ያለው፣ ላውንጅ የሚቀመጠው፣ ቴሌግራም ላይ ሞቲቬሽን የሚለጥፈው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሞቲቬሽን ቪድዮ ሲያይ አድሮ ጠዋት ክላስ የሚፎርፈው ስንቱ ነው ባካችሁ።

ብትሰሙኝ መጀመሪያ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ውስጥ ያለ ሲኒየር ያዙ። «ምን ትመክረኛለህ» ካላችሁት ግን «አይዞህ፣ ብቻ አጥና» ብሎ ይሸኛችኋል። ይልቅ ኤፍ የሚበዛበት ኮርስ የቱ ነው፣ ያምናው ባች ተመርቆ የት ገባ፣ አሁን ፍሬሽ ብትሆን ይሄንኑ ትመርጥ ነበር ወይ በሉት፣ ሻይ እየጋበዛችሁ ነው ታዲያ፣ ወሬው ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ደሞ ሰቃዩን፣ ኤ የሚደረድረውን ብቻ አትከተሉ፣ ውጤቱ ወርዶ ዋርኒንግ ወጥቶበት የተነሳው ልጅ እንዴት እንደሚወጣ በደንብ ያውቃል።

የዘመድ ምክር ላይ ትንሽ ጠንቀቅ በሉ። መውጫ ፈተና ለሁሉም ዲፓርትመንት የመጣው በ2015 ስለሆነ ከዛ በፊት የተመረቀ አጎት «አራት አመት ታገስ፣ ዲግሪው ይመጣል» ቢላችሁ የሱ ጊዜ ሌላ ነው፣ አሁን 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም።

አድቫይዘራችሁ ጋርም ለፊርማ ብቻ አትሂዱ፣ አንድ የተጻፈ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ አብዛኞቹ ሰው ስለማይጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል።

ቤት ሲናፍቃችሁ ግቢ ጉባኤም በሉት ጀመዓ ወይ ፌሎሺፕ፣ የሚመቻችሁ ጋ ሂዱ። እናታችሁ ጋርም ደውሉ፣ ግሬድ የተለቀቀ ማታ ሳይሆን በነጋታው፣ ረጋ ስትሉ።