ደሴ ላይ የሐበሻ ቀሚስን በአንድ ቀን ፎቶም ቪዲዮም ለማንሳት

ፊልም ሠሪ ሆኖ የፋሽን ፎቶም የሚያነሳ ሰው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሁለቱንም ሥራ መውሰድ ይችላል። ዋጋውን ግን ለየብቻ ተነጋገሩ። ስንት ፎቶ፣ ስንት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትቁረጡ።

ፎቶው ይቅደም። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ የማይታይ ጭምድድ ፎቶ ላይ ዓይን ይወጋል፤ ስለዚህ ቀሚሱ ከካውያ እንደወጣ ይነሳ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከሆነ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ልብሱን አጣጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ በመስቀያ ይንጠልጠል።

ጥሩው ብርሃን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው። የጦሳ ተራራ ከተማዋን በምዕራብ ስለሚጋርዳት ፀሐይ ቀድማ ትሰወራለች፤ ዋናውን ቀሚስ ለ11 ሰዓት ካቆያችሁ ጥላ ውስጥ ትቀራላችሁ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሥራውን አትሰርዙ። ለነጭ ጥበብ እንደ ጉም የሚስማማ ብርሃን የለም፤ ፊት ላይ ጥላ አይጥልም።

ትልቁ ፈተና ነጩ ነው። ካሜራው ነጭ ጨርቅ ሲበዛበት ያጨልመዋል፣ ነጠላው አመድማ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በ1 ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ጨምሩ፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው የካሜራው ግራፍ) ግን የቀኝ ጠርዙን አይንካ። ከነካ የሸማው ድር ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል፣ በኤዲቲንግም አይመለስም። ፀሐዩ ከከረረ 2 በ2 ሜትር አቡጀዴ ወጥራችሁ ከሞዴሏ በላይ ያዙ። ስስ ነጠላ በቪዲዮ ሞገድ የመሰለ መስመር ካወጣ ትንሽ ቅረቡ ወይም ራቁ፤ ያኔውኑ ካልተስተካከለ በኋላ ማጥፋቱ አድካሚ ነው።

ለቪዲዮ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ይሁን፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ አምፖሉ አይርገበገብም። ደጅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100 እና በኤፍ 2.8 (ሰፊ የሌንስ ክፍተት) ለመቅረጽ 6 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ 64 ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት) ያስፈልጋል።

ወደ ፎቶ ስትመለሱ ፊልተሩን አውልቁ፣ ሸተሩን 1/250 አድርጉ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ 1/50 ላይ የተረሳ ፎቶ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ደህና ይመስላል፣ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን የነጠላው ዘርፍ ተድበስብሷል። ሁለቱን ቅንብር በካሜራው ሲ1 እና ሲ2 (የራሳችሁን ቅንብር የምታስቀምጡባቸው ቦታዎች) ላይ አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላም የመጀመሪያውን ፎቶ አጉልታችሁ ዘርፉን ተመልከቱ።