ነርሲንግ ሆም ያሉ ወላጆቻችን እየተጎዱ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

እናቶቻችን «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ መልሳቸው የታወቀ ነው። «ተመስገን፣ ምንም አልሆንኩ።» ሌሊቱን በረጠበ ዳይፐር አድረው እንኳ ልጅ ማስጨነቅ አይፈልጉም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ወላጁን ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ያስገባ ሰው በዚህ መልስ ብቻ ተማምኖ መሄድ የለበትም።

1. ሳትጠበቁ ሂዱ

ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚመጣ ቤተሰብ የሚያገኘው ታጥበውና ተበጥረው የሚጠብቁትን እናት ነው። ሰዓት ቀያይሩ። አንዳንዴ በእራት ሰዓት፣ አንዳንዴ ሽፍት (የሠራተኛ ተራ) ሲቀያየር ግቡ። ወላጃችሁ እስከፈቀዱ ድረስ ቤተሰብ እንዳይከለከል የፌደራል ደንብ ያዛል። ስንት ነርስና ስንት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) በሥራ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ወረቀትም በየቀኑ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። አንብቡት። ሲኤንኤ የሚሠራ ዘመድ ደግሞ አይጠፋም፤ አንድ ሠራተኛ ብዙ በሽተኛ ሲጫንበት መጀመሪያ የሚዘለለው ምን እንደሆነ ጠይቁት።

2. ካልሲውን አውልቁ

ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። «እግርሽን ቫዝሊን ልቀባሽ» ብላችሁ ካልሲውን አውልቁና ተረከዙን እዩ። የአልጋ ቁስል ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርንና ከወገብ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ያለበት ቦታ ላይ ይወጣል። የሚመጣው ሰውነት ሳይገላበጥ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ነው። ብዙ ጊዜ «ቆዳው ቀላ ካለ ተጠንቀቁ» ይባላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የሚመስል ቦታ ፈልጉ። በእጃችሁ ስትነኩት ከአካባቢው የሞቀ፣ የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም ረገብ ያለ ከሆነ ወዲያው ነርስ ጥሩ። አባት በሴት ልጁ ፊት መገለጥ ያፍራል፤ ለዚህ ወንድማችሁን ላኩ።

የአረጋዊ ቆዳ በቀላሉ ይበልዛል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ይብስባቸዋል። ስለዚህ አንድ የበለዘ ቦታ አይታችሁ ሰው ላይ አትጩሁ። ሁለቱም ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ብልዝ፣ የእጅ አንጓን የዞረ ምልክት፣ በጭን ውስጥ በኩል ያለ ጉዳት ግን ሌላ ነገር ነው። «መቼ ሆነ? ማን አየ? የት ተመዘገበ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በየሰዉ ከተለያየ ጽፋችሁ ያዙት።

3. ትሪውን እዩ

ረቡዕና ዓርብ ዶሮ ይቀርብላቸዋል። እማማ አይነኩትም። መዝገቡ ላይ «አልበላም አሉ» ተብሎ ይጻፋል። ጾማቸው ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ እንዲሰፍር አድርጉ። ሙስሊም ለሆኑትም እንዲሁ፤ የሚበሉትና የማይበሉት በጽሑፍ ይኑር። የውሃ ብርጭቆው እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ነው? ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል? ከንፈራቸው ደርቋል? ክብደታቸውንም ጠይቁ። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በስድስት ወር 10 በመቶ ከቀነሰ ከባድ ነገር ነው። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው በወር 3 ኪሎ ማለት ነው።

4. ጠባያቸውን አስተውሉ

አንድ የተወሰነ ሠራተኛ ሲገባ ዝም የሚሉ፣ ድንገት ሰው የሚፈሩ ከሆነ አትለፉት። ቀኑን ሙሉ ከተኙ የመድኃኒታቸውን ዝርዝር ጠይቁ። አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። ለምን እንደተሰጠና ማን እንደፈቀደ ይነገራችሁ።

ከእሳቸው ጋር ብቻችሁን ስትሆኑ «እንዴት ነሽ?» ሳይሆን «እማዬ፣ ማታ ስትጠሪ ማን ይመጣል? ምን ያህል ይቆያል?» በሉ። እንግሊዝኛ ካልቻሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው። የልጅ ልጅ ለአያቱ ስለ ገላዋ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ ሁለቱም ያፍራሉ። የአንገት መስቀልና ቀለበትም እንዳሉ አረጋግጡ።

5. ከጠረጠራችሁ

ቀን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለነርሶች ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቁ። የበደል ክስ የደረሰው ቤት በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት። በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን አቤቱታ የሚከታተል ኦምቡድስማን አለ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ምስጢርም ይጠብቃል። በ1-800-677-1116 ብትደውሉ የአካባቢያችሁን ይነግሯችኋል። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ 911።

ሁለት ነገር ሰውን ዝም ያሰኛል። አንዱ «ይበቀሉባታል» የሚለው ነው፤ መበቀል ሕገወጥ ነው፣ እሱንም ለኦምቡድስማኑ ንገሩ። ሌላው ይሉኝታ ነው። «ሠራተኛዋ ሐበሻ ናት፣ እንጀራዋን አላበላሽ» እንላለን። የእማማስ ገላ?

ክፍሉ ውስጥ ካሜራ ከመስቀላችሁ በፊት ኦምቡድስማኑን አማክሩ። ሕጉ በየስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስና ሚኒሶታ ይፈቅዳሉ፤ እዚያም ቢሆን አብሮ የሚኖር ሰው ካለ የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።